ለእምድብር የርቀት ሥራ ማዕከል ብንሠራ ወጣቱ ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «በደብሊንና በአካባቢዋ የምንኖር የጉራጌዋ እምድብር ተወላጆች ተሰባስበን ገንዘብ እያዋጣን ነው። በከተማችን ባለ ሁለት ፎቅ የርቀት ሥራ ማዕከል ልንሠራ አስበናል፤ 40 ኮምፒውተር፣ ፈጣን ኢንተርኔት፣ ከታች ደግሞ ካፌ ይኖረዋል። አየርላንድ የገጠር ከተሞቿን በዚህ መንገድ እንዳነቃቃች እንሰማለን። እኛ ብንሠራው ወጣቱ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር መሄዱን ይተዋል? የሄደውስ ይመለሳል?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ሕንጻው ማንንም አይመልስም። ደመወዙን ከሌላ ቦታ የሚያገኝ ሰው ካላችሁ ግን ለመጀመሪያው ዓመት የተከራየ ቤት፣ ጥሩ ባትሪና አንድ ብርቱ ሥራ አስኪያጅ ይበቃችኋል። ይህን በደረቁ የምናገረው ሐሳባችሁን ለማጣጣል አይደለም። በምዕራብ አየርላንድ ትንንሽ ከተሞች እንዲህ ያሉ፣ ሰው ጠረጴዛ ተከራይቶ ሩቅ ላለ አሠሪ የሚሠራባቸው ማዕከላት ሲቋቋሙ ሳማክር ቆይቻለሁ፤ ለሁለት ዓመት ደግሞ የአንዱን ቁልፍ ይዤ በየማለዳው በር የከፈትኩት እኔው ነበርኩ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አየርላንድ የሰው መሄድ ምን እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ አገር ናት። ዛሬ ሪፐብሊክ በሆነው ክፍል በ1841 ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖር ነበር። ከዚያ ታላቁ ረሃብ መጣ፤ ስደቱ ከረሃቡ በኋላም አልቆመም፤ በ1961 ቆጠራ 2.8 ሚሊዮን ሰው ብቻ ተገኘ። በ2022 ቁጥሩ ወደ 5.1 ሚሊዮን ቢመለስም እድገቱ በአብዛኛው ያረፈው በደብሊንና በዙሪያዋ ነው። በምዕራቡ በኩል ልጅ ትምህርቱን ይጨርሳል፣ ሻንጣውን ያነሣል፣ ለገና ይመጣል። ለገና የሚለውን በመስቀል ቢተኩት የእናንተው ታሪክ ነው።

መንግሥት መጀመሪያ የሞከረው በትእዛዝ ነበር። በ2003 መጨረሻ ከ10 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን ከደብሊን አውጥቶ በ53 ቦታዎች ለመመደብ ዕቅድ አወጣ። ሠራተኛው አልወደደውም፤ የትዳር ጓደኛው ሥራ፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ የእድገት ዕድሉ ደብሊን ነበርና። ዕቅዱ በ2011 ሲሰረዝ የተዛወረው ሲሶው ያህል ነው። መሥሪያ ቤትን ማዛወር ይቻላል፤ ቤተሰብን ግን ማንም በደብዳቤ አያዛውርም።

ሁለተኛው ሙከራ ከመሠረቱ ይለያል። በኖቬምበር 2019 የተፈረመው ብሔራዊ የብሮድባንድ ዕቅድ የንግድ ኩባንያዎች አያዋጣንም ብለው የተዉትን ገጠር በሙሉ በፋይበር፣ ማለትም በመስታወት ክር በሚሄድ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር፣ ለማዳረስ ነው፤ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችና የሥራ ቦታዎችን፣ በውስጣቸው 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን። ከዚያ ወረርሽኙ መጣና «ሥራ በርቀት አይሠራም» የሚለውን የአለቆች ክርክር በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘጋው። በማርች 2021 የወጣው የገጠር ልማት ፖሊሲ 400 የርቀት ሥራ ማዕከላትን በአንድ መረብ ለማስተሳሰር ግብ አስቀመጠ። ዛሬ በመረቡ ውስጥ ከ300 በላይ ማዕከላት አሉ። አብዛኞቹ አዲስ የተሠሩ እንዳይመስልዎት። የቀድሞ ባንክ፣ የፖሊስ ጣቢያ፣ ገዳም፣ ፋብሪካ የነበሩ ብዙ ናቸው። አንድ ትልቅ ባንክ በ2021 ብቻ በሪፐብሊኩ 88 ቅርንጫፎቹን ሲዘጋ በየከተማው አደባባይ ወፍራም ግድግዳ ያለው ባዶ ቤት ቀረ። ባንኩ ጥሎት የሄደውን ቤት ላፕቶፕ የያዙ ሰዎች ሲገቡበት ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኛል።

እስከዚህ ያለውን በጋዜጣ አንብበውታል። ጋዜጣው ብዙም የማያነሣው ቁጥር ይኸውልዎት። በ2022ቱ ቆጠራ ቢያንስ ከሳምንቱ የተወሰነውን ቀን ከቤት የሚሠሩ ወደ 750 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተቆጥረዋል። ከቤት ማለት ከገዛ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ፣ ከመኝታ ቤታቸው ጥግ። ፋይበር ቤት ድረስ ሲገባ ማዕከሉ ብቸኛ ጸጋውን ያጣል። ስለዚህ ዛሬ ቆመው የሚሄዱት ማዕከላት ኢንተርኔት ሳይሆን ሌላ ነገር የሚሸጡ ናቸው፦ ጸጥታ፣ የሰው ፊት፣ በር ያለው የስልክ ክፍል።

የስልክ ክፍሉን የጠቀስኩት በከንቱ አይደለም። እኔ የያዝኩት ማዕከል ሲከፈት 24 ጠረጴዛ፣ ውድ ወንበር፣ የግድግዳ ሥዕል ሁሉ ነበረው። ክፍሉ ግን አንድ ሰፊ አዳራሽ ሲሆን የስብሰባ ጥጉ በመስታወት የተከለለ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በመስኮት ስመለከት ከደንበኞቻችን አንዷ ዝናብ እየጣለ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑን በመሪው ላይ አስደግፋ ከአሠሪዎቿ ጋር ስትሰበሰብ አየሁ። የከፈለችው ለእኛ ነው፤ የምትሠራው ግን ከመኪናዋ ውስጥ ነው። በወሩ መጨረሻ ቀረች። በኋላ ከአንድ አናጢ ጋር ሆነን የዕቃ ማስቀመጫውን ቁም ሣጥን አፍርሰን፣ በወፍራም ስፖንጅ ለብጠን ሁለት የስልክ ክፍል ሠራን። ከወንበሮቹ ሁሉ ዋጋ በታች ፈጀ፤ ሰው ያመጣው ግን እሱ ነው።

ሒሳቡንም ላሳይዎት፤ ዕቅዳችሁ የሚወድቅ ከሆነ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። አሥራ ሁለት ቋሚ ደንበኛ አላችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ በወር 150 ዩሮ ይከፍላል፤ 1,800 ዩሮ ሆነ። ይህ ገንዘብ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ እንኳ አይሆንም፤ ማሞቂያው፣ መድኑና ጽዳቱ ገና አልተነኩም። በገጠር አየርላንድ በጠረጴዛ ኪራይ ብቻ ራሱን የቻለ ማዕከል እኔ አላየሁም። አንዱ ስልጠና ይሰጣል፣ አንዱ አዳራሽ ያከራያል፣ አንዱ ለትልቅ ድርጅት አንድ ክፍል በዓመት ውል ይሰጣል፣ ሁሉም ደግሞ በሆነ መንገድ የመንግሥት ድጎማ ይቀምሳሉ። ከእምድብር ጀርባ የቆመ ድጎማ የለም። ያላችሁት የእናንተ መዋጮ ነው፤ መዋጮ ደግሞ ሕንጻ ለመሥራት ሲሆን ይሰበሰባል፣ ለወር ደመወዝ ሲሆን ይቀዘቅዛል። ለሪባን መቁረጫ የሚያዋጣ ሁሉ ለመብራት ክፍያ አያዋጣም።

ታዲያ የሚሠራው የት ነው? ኮርክ አውራጃ ውስጥ ስኪበሪን የምትባል 3 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። በረሃቡ ዘመን በጅምላ መቃብሯ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። የአካባቢው ሰዎች በ2010ዎቹ አጋማሽ ተሰባስበው የድሮ ዳቦ መጋገሪያ ሕንጻ ወደ ሥራ ማዕከል ለወጡ፤ ስሙንም በከተማዋ በ1883 ከተወለደው ከፐርሲ ለድጌት ወሰዱ፤ ሰውየው በ1909 የሜካኒካል ስሌት መኪና ንድፍ ያሳተመ፣ በዘመኑ ማንም ያላስተዋለው ሊቅ ነበር። እዚያ የሠራው ምሥጢር ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚደርስ ፋይበር በመብራት ምሰሶዎች ላይ ተዘርግቶ ከማዕከሉ ጋር አብሮ ገባ። ሁለተኛ፣ አቋቋሚዎቹ በራሳቸው ንግድ የቆሙ፣ ሰው የሚያውቁ፣ «ለንደን ያለችው የእህትህ ልጅ ምን ትሠራለች? ከዚህ ሆና ልትሠራው አትችልም?» ብለው የሚደውሉ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ቤተሰብ መመለሱ ምን ይለውጣል ይሉ ይሆናል። በአየርላንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ብዛት የሚወሰነው በተማሪ ቁጥር ነው። ሁለት መምህር ባለው የገጠር ትምህርት ቤት ሦስት ልጆች ይዞ የሚገባ ቤተሰብ ሁለተኛዋ መምህርት እንዳትነሣ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛዋ መምህርት ከቆየች ሌላው ወላጅ ልጁን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት አይወስድም። የወረዳው የእግር ኳስ ቡድንም ተጫዋች አይጎድልበትም። እኔ የማዕከል ስኬትን የምለካው በዚህ ነው፤ በጠረጴዛው ብዛት ለካሁት ብዬ ሪፖርት የጻፍኩባቸው ዓመታት አሁን ያሳፍሩኛል።

ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ለእናንተ ይቀርባል። አራንሞር በዶኒጎል ጠረፍ ላይ ያለች፣ ከ500 ያነሰ ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። በ2019 የዲጂታል ማዕከል ከፈተች፤ ከዚያም ለአሜሪካና ለአውስትራሊያ ሕዝብ «ኑና ከእኛ ጋር ኑሩ» የሚል ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ዓለምን ዞረ። ችግሩ የመጣው «የት ልደር?» የሚል ጥያቄ ሲከተል ነው። በምዕራብ አየርላንድ ጠረፍ ብዙው ቤት የበጋ እንግዳ ማሳረፊያ ሆኗል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚከራይ ቤት በሻማ ይፈለጋል። ሥራ ሲገኝ ቤት ይጠፋል። ስለዚህ ሰዎች ስለ ማዕከል ሲጠይቁኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ባዶ ቤት ስንት እንዳላቸው ነው። እምድብር በዚህ በኩል ትሻላለች፤ የጉራጌ ሰው አዲስ አበባም ደብሊንም ቢኖር አገር ቤት ቤት አያጣም፤ ብዙዎቹ ቤቶች ደግሞ ከመስቀል እስከ መስቀል ሰው አይገባባቸውም።

ወደ እምድብር ከተሻገርን ዘንድ አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። በ1985 በስዊድን ተራሮች መካከል ያለች ቬምዳለን የተባለች መንደር ለነዋሪዎቿ የጋራ ኮምፒውተርና ስልክ ያለው «የቴሌ ጎጆ» ከፈተች፤ የዛሬዎቹ ማዕከላት ቅድመ አያት ናት። ሐሳቡ በአውሮፓ ተዛመተ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ ይዞ ኡጋንዳ ናካሴኬ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ሰው የራሱን ኮምፒውተር፣ በኋላም የራሱን ስልክ ሲይዝ ብዙዎቹ ጎጆዎች ተዘጉ። እምድብር ዛሬ ከአየርላንድ ይልቅ ለቬምዳለን ትቀርባለች። ቤቱ ውስጥ መብራትም ኔትወርክም የማይተማመንበት ሰው ማዕከሉ ሁለቱን ከሰጠው በእርግጥ ይመጣል። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚቆየው ቤቱ እስኪሻሻል ድረስ ነው፤ ለዚህ ነው ባለ ሁለት ፎቅ አትሥሩ የምለው።

የሚያነሡብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲያቋቁሙ ማን መኪና ነበረው? እውነት ነው፣ በዚያ ሥራ እንደማንኛውም ሰው እኮራለሁ። ነገር ግን መንገዱ የተሠራው ሰው አስቀድሞ በእግሩ በሚመላለስበት አቅጣጫ ነው። ነጋዴው ነበረ፣ ጭነቱ ነበረ፣ የቀረው መንገዱ ብቻ ነበር። ለማዕከሉም የሚያስፈልገው ያው ነው፤ አስቀድሞ የሚመላለሰውን ሰው ፈልጉ።

እሱ ደግሞ አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ሕዝብ ውስጥ በኮምፒውተር የሚተዳደር ስንት ሰው አለ? የሒሳብ ሠራተኛ፣ ተርጓሚ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ የሥዕል ንድፍ ባለሙያ። ክትፎውን ቀምሶ፣ ቤተሰቡን ሳይጠግብ የሚመለሰው ሥራው ስለሚጠብቀው ነው። የማዕከሉ የመጀመሪያ ሥራ ለእነዚህ ሰዎች መስቀልን በአንድ ወር ማራዘም ይሁን። ወር የቆየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ወር ይቆያል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ልጆቻቸውን ይዘው ይቀሩ ይሆናል። ይህ ለፎቶግራፍ አይመችም፤ ቢሆንም በአየርላንድ ያየሁት መመለስ ሁሉ የተጀመረው እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነው።

አገር ቤት ላለው ወጣት ግን ወንበር ሥራ አይሆነውም። አርባ ኮምፒውተር ፊት ያለ ሥራ ቢቀመጥ ፊልም ያያል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አያለሁ። እዚህ ላይ የእናንተ ገንዘብ ከሚሠራው ይልቅ የእናንተ ሥራ የበለጠ ይሠራል። ከማኅበሩ አባላት ውስጥ ምግብ ቤት ያለው የለም? የታክሲ ድርጅት፣ የጽዳት ድርጅት፣ የሒሳብ ቢሮ? የደረሰኝ ምዝገባውን፣ የቀጠሮ አያያዙን፣ የድረ ገጹን ጥገና ለሁለት የሠለጠኑ ልጆች ስጧቸው። ሁለት ደመወዝ በየወሩ መግባት ከጀመረ ሦስተኛውን ደንበኛ የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው። ክፍያው በምን መንገድ እንደሚገባ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከባንክ ጋር ተነጋገሩ። የደንበኛው የግል መረጃ ከአውሮፓ ሲወጣ የሚጠይቀው ውል አለና እሱንም የሚያውቅ ሰው ይየው።

ሰዓቱም ለአየርላንድ ሥራ ይመቻል። ልዩነቱ በክረምታቸው ሦስት ሰዓት፣ በበጋቸው ሁለት ሰዓት ነው። ደብሊን ውስጥ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት እምድብር እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ቢመሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ደንበኛ ከያዛችሁ ግን ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ድረስ መሥራት ይመጣል። በዚያ ሰዓት አንዲት ወጣት ሴት በጨለማ ወደ ቤቷ ትሂድ የሚል ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። ወይ መጓጓዣ ይኑር፣ ወይ ያ ደንበኛ ይቅር።

የመብራቱ ነገር በቁጥር ይታይ። አንድ ላፕቶፕ 50 ዋት ያህል ይፈጃል፤ አሥራ ሁለቱ 600 ዋት፤ ራውተርና አምፖል ሲጨመር 700። መብራት ለአራት ሰዓት ቢጠፋ 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋችኋል፤ ይህን የሚችል ባትሪና ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ሶላር ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። አርባ የጠረጴዛ ኮምፒውተር እያንዳንዱ 150 ዋት ቢወስድ ግን 6 ሺህ ዋት፣ በአራት ሰዓት 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ያኔ ጄኔሬተር ትገዛላችሁ፤ ከዚያ ነዳጅ ፍለጋ ትሰለፋላችሁ። ስለዚህ ላፕቶፕ ግዙ፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አትግዙ። ኢንተርኔቱም ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም ሁለት መስመር ይሁን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይይዛል፤ ሁለተኛው ኩባንያ በከተማዋ ምን ያህል እንደሚይዝ ግን እዚያው ቆማችሁ ለኩ። አገር አቀፍ መዘጋት ከመጣ፣ በ2020 ለሳምንታት እንደሆነው፣ ሁለት መስመርም አያድንም። ደንበኛው ይህን በውሉ ላይ ከወዲሁ ይወቀው፤ በድንገት ከሚጠፋ ሠራተኛ ይልቅ ሊጠፋ እንደሚችል የነገረውን ይታገሣል።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ዘመድ አይሁን። ደመወዙ ለሁለት ዓመት ተቀምጦ ይቆይ፤ ከወንበር፣ ከቀለም፣ ከሰሌዳ ሁሉ በፊት።

አሁን ለመስቀል የሚሄድ ሰው ካላችሁ አንድ ደብተር አስይዙልኝ። በአንደኛው ገጽ በኮምፒውተር የሚሠሩና አንድ ወር ለመቆየት የሚፈልጉ ሰዎች ስም ይጻፍ፤ አሥር ካልሞላ ዘንድሮ ምንም አትከራዩ። በሌላው ገጽ እዚያ ያለ አንድ የታመነ ልጅ ለሦስት ወር መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት በየቀኑ ይመዝግብ፤ የኢንተርኔቱን ፍጥነትም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለክቶ ከጎኑ ይጻፍ። ደብተሩ ሲሞላ ይላኩልኝ፤ የባትሪውን መጠን አብረን እናሰላለን።